ጥጥዬና የሳሎናችን ወለል

ባልና ሚስት በምን በምን እንደሚጣሉ ብትጠየቁ ገንዘብ፣ ዘመድ፣ የልጆች አስተዳደግ ትሉ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ግን በተጋባን በ12ኛው ዓመት ለ2 ቀን የተኳረፍነው በአንዲት ጥንቸል ሽንት ምክንያት ነው። ስትስቁ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን በቤታችን የሳቀ ሰው አልነበረም። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ሁለት ነገር ላካፍላችሁ ብዬ ነው። አንደኛው፣ ለልጆቻችሁ ጥንቸል በቤት ውስጥ ልታሳድጉ ብታስቡ መጫወቻዋን ወለል በምን እንደምትሸፍኑት ነው። ሁለተኛው፣ ወለል የሚሸፈነው ስለ ማን ብለን እንደሆነ ነው። ሁለተኛውን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤታችንን ስንረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል ምንጣፍ ጣል አድርገንበት ኖርን። በኋላ እቁብ ሲደርሰኝ ሳሎኑን ላሚኔት አስነጠፍኩት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ወለል እኮራበት ነበር። የቤት ኅብረት ወገኖች ለጸሎት መጥተው ወንበር ሲጎትቱ ልቤ አብሮ ይጎተት ነበር።

በዚያው ዓመት የባለቤቴ እናት ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። የ9 ዓመቷ ልጃችን ያደገችው በአያቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው። ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ ዝም አለች። ትምህርት ቤት ሄዳ ትመጣለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ስትጠራ ትመልሳለች፤ ጨዋታና ሳቅ ግን ከእርሷ ራቁ። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም አንዲት ትንሽ ነጭ ጥንቸል በካርቶን ይዞላት መጣ። ልጃችን “ጥጥዬ” ብላ ስም አወጣችላት። ጥንቸል በዘሌዋውያን 11፥6 ከማይበሉት እንስሳት መካከል እንደምትገኝ ያስታወሱን ወገኖች ነበሩ፤ እኛ ግን ልንበላት አላመጣናትም። በዚያ ሳምንት ከሳሎን የልጃችንን ሳቅ ሰማሁ።

አሜን ማለት ያቃተኝ ምሽት

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከሶፋው ጥግ ላሚኔቱ አብጦ አገኘሁት። ጥጥዬ ያንን ጥግ ለሽንቷ መርጣው ኖሯል። ላሚኔት ከላይ ሲታይ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት ነው። እርጥበት በመገጣጠሚያው ከገባ ይመጠውና ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ጮኽኩ። ጥንቸሏን ከነካርቶኗ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ባለቤቴ “ወለሉን ተወውና አንድ ጊዜ የልጅቷን ፊት እይ” አለችኝ። እኔም “ወለሉን የሠራሁት በላቤ ነው” ብዬ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

በሁለተኛው ቀን ምሽት እንደ ልማዳችን ለቤተሰብ ጸሎት ተቀመጥን። ተራው የልጃችን ነበር። “ጌታ ሆይ፣ ጥጥዬን ሽንት እንዳትሸና አድርጋት፤ አባዬ እንዳይቆጣ” ብላ ጸለየች። ባለቤቴ አሜን አለች። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ። ልጄ የማይሆን ነገር ጌታን የለመነችው፣ የእኔን ቁጣ ማብረድ ጥንቸል ሽንት ከምትተው ይልቅ የከበደ መስሎ ስለታያት ነው። ሌሊት በረንዳውን ከፍቼ ሳይ ጥጥዬ በብርድ ተኮማትራ ነበር። ወደ ማዕድ ቤት አስገባኋትና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያ ሌሊት ወደ ልቤ የመጣው የዘዳግም 22፥8 ትእዛዝ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ጌታ ሕዝቡን አዝዟል። በዚያ ዘመን ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለነበረ ሰው ይወጣበት፣ ይቀመጥበት ነበር። መከታው የታዘዘው ለጣሪያው ውበት አይደለም፤ ሰው ከላይ እንዳይወድቅ ነው። ደግሞም የሚሠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። እኔ ግን ምንም መከታ ሳላደርግ ጥንቸል ወደ ቤት አስገባሁ፤ ከዚያም ጥንቸል ስለሆነች ተቆጣኋት።

ለወለሉ ብዬ የመረጥኩት

በማግሥቱ ለማንም ሳልናገር እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመውን የልጆች ስፖንጅ ምንጣፍ ገዝቼ መጣሁ። ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ ላሚኔቱንም ከጭረት ይጠብቃል። ልጄ አቅፋ ሳመችኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ስህተት አትድገሙት። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ትቀረጥፋለች። ስፖንጁ ደግሞ ለጥርስ የተመቸ ነው፤ ቁራጩ ግን በሆዷ አይፈጭም። በተጨማሪ በየመገጣጠሚያው ሽንት ስለሚገባ ወለሉንም ቢሆን አያድንም። በሁለተኛው ሳምንት ጥጥዬ ድርቆሹን ተወች፤ ካሮት ቢሰጣት ፊቷን አዞረች፤ ፍግም አልጣለችም። ምንጣፉን ሳነሣ ጠርዙ ተበልቶ አየሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሱና “ጥንቸል ለግማሽ ቀን ምግብ ከተወች፣ እስኪነጋ እንጠብቅ አይባልም። አንጀቷ ሥራ ካቆመ ቶሎ ትሞታለች” አሉን። መድኃኒት ሰጥተዋት ሌሊቱን በየሰዓቱ እንድናያት አዘዙን። ልጃችን ከካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች። “እንደ እማማ ትሄዳለች እንዴ?” ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስፖንጁን ስገዛ አሁንም ያሰብኩት ለወለሉ ነበር። ልጄንም ሆነ ጥንቸሏን አላሰብኩም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንኳ እንደሚያስብ ይናገራል፤ እኔ ግን ከእንስሳዋ አልፎ የልጄ ነፍስም አልታየኝም ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ልጄንም ባለቤቴንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሊነጋጋ ሲል ጥጥዬ አንድ ሰበዝ ድርቆሽ ሳበች። ሦስታችንም አለቀስን።

ጥቅል ምንጣፍና አንድ ጋቢ

በዚያ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር መርካቶ ወረድን። ጥንቸል በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች፤ ስለዚህ የፈለግነው የሚቆይ ነገር ነው። እግዚአብሔር ረድቶን ያገኘነውን መፍትሔ በየተራ ልንገራችሁ።

ከታች የሚነጠፈው ከጥቅል በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። ወፍራሙን፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ምረጡ። ጀርባው ጨርቅ ወይም ስፖንጅ የሆነውን ተዉት፤ ከጠርዝ የገባውን እርጥበት ይመጠዋል። የመጫወቻው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድማችሁ ለኩና ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ አድርጋችሁ አስቆርጡ። የእኛ ቦታ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምረን ጠርዙን ወደ ላይ አጠፍነው፤ እንደ ትሪ ሆነ። ጠርዙን በቀጭን ሞራሌ አስጨንቀን ዙሪያውን የሽቦ አጥር አቆምን። ጥንቸል መቀርጠፍ የምትጀምረው ከጠርዝ ነውና ጠርዙ ለጥርሷ እንዳይጋለጥ ተጠንቀቁ። አዲስ ፕላስቲክ ሽታ ስላለው ከመንጠፋችሁ በፊት ጥቂት ቀን በረንዳ ላይ ዘርግታችሁ አናፍሱት።

ፕላስቲኩ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት በእግሯ ሥር ለስላሳ መርገጫ የላትም፤ ያላት ጸጉር ብቻ ነው። በለስላሳ ወለል ላይ ስትሮጥ ትንሸራተታለች፤ በደረቅ ወለል ላይ ሁልጊዜ ከተቀመጠች ደግሞ የኋላ እግሮቿ ጸጉሩ አልቆ ይቆስላሉ። ስለዚህ ከላይ የሚታጠብ ጨርቅ ያስፈልጋል። ክሩ ቀለበት እየሠራ የቆመ ምንጣፍ ጥፍሯን ይይዝባታል። ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍም ፕላስቲኩ ላይ የማይለቅ ቢጫ ቀለም ይተዋል።

ምን እናንጥፍ እያልን ስንመካከር ባለቤቴ ወደ መኝታ ቤት ገብታ አንድ አሮጌ ጋቢ ይዛ ወጣች። የእናቷ ጋቢ ነበር፤ ልጃችንን ያዘሉበት። “ይሄማ አይሆንም፤ ማስታወሻሽ ነው” አልኳት። እርሷም “እማዬ በሕይወት ብትኖር ራሷ ታነጥፍላት ነበር” አለችኝ። ዘርፉን ቆርጣ፣ የሚመዘዝ ክር እንዳይኖር ጠርዙን አጥፋ ሰፋችው። እኔ በእቁብ ገንዘብ ለተነጠፈ ወለል ስጮህ፣ እርሷ በምንም ገንዘብ የማይገዛውን ለልጇ አነጠፈች። የዚያን ቀን በሚስቴ ፊት አፈርኩ፤ ጌታንም ስለ እርሷ አመሰገንኩ።

ለመቀርጠፍ ደግሞ ቀለም ያልነካው ሰሌን አስቀመጥንላት። ቢያልቅ በርካሽ ይተካል፤ ጥርሷም ከፕላስቲኩ ይልቅ ወደ እርሱ ያዘነብላል። በመረጠችው ጥግ ዝቅ ያለ ሳፋ አድርገን የተቀደደ ጋዜጣ ሞላንበት፤ ድርቆሿን ከአጠገቡ አኖርን። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ስለምትወድ ቶሎ ለመደችው። ሰጋቱራ ግን ብናኙ መተንፈሻዋን ስለሚያስቸግር አትጠቀሙ።

ሽንቷ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ጥንቸል በሰውነቷ የተረፈውን ካልሲየም በሽንቷ ስለምታስወጣ ነው። አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ብታቆዩበት ይለቃል። በረኪና ግን ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። በረኪናንና አቼቶንም በፍጹም አታዋህዱ።

በየቅዳሜው ማንሣት

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድ ወር በኋላ ቅዳሜ ቤት ስናጸዳ ባለቤቴ “ከሥሩስ እንየው” አለች። ፕላስቲኩን ስናነሣ ላሚኔቱ ላይ የመዳፍ ያህል እርጥበት አገኘን፤ አንዱ ጠርዝ ዝቅ ብሎ የጥጥዬ ውኃ ገብቶ ኖሯል። ጠርገን፣ አድርቀን፣ ጠርዙን አስተካከልን። ለሌላ ወር ባናየው ኖሮ ሻግቶ ወለሉን ከመጀመሪያው በባሰ ያበላሸው ነበር። ጥሩ ሽፋን ከላይ የሚፈስሰውን ይከለክላል፤ ከሥር የገባውን ግን አየር አጥቶ እንዲበሰብስ ያደርጋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መነሣት አለበት።

ይህን ስናደርግ ባለቤቴ ዘወር ብላ “እኔና አንተስ?” አለችኝ። በወለሉ ምክንያት ከተኳረፍን በኋላ ይቅር ብላኝ ነበር፤ ነገር ግን እናቷ ሲያርፉ ሐዘኗን ቶሎ እንድትጨርስ እንደጠበቅኩባት ለካ አልተነጋገርንበትም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። ፍቅር በደልን እንደሚሸፍን በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥8 እናነባለን። ነገር ግን መሸፈንና መደበቅ አንድ አይደሉም። የሚሸፈነው ተነግሮ ይቅር የተባለው ነው፤ ያልተነገረው ከሥር ይረጥባል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ምንጣፉን ስናነሣ “ከሥር የረጠበ አለ?” እንባባላለን። አንዳንዴ የለም፤ አንዳንዴ አለ።

እንግዲህ ውድ ባለ ትዳሮች፣ በቤታችሁ እንስሳ ባይኖርም ወለል አላችሁ። ልጅ ወተት ይደፋበታል፣ እንግዳ በጭቃ ጫማ ይገባበታል፣ ያረጀ ወላጅ ውኃ ያፈስበታል። የሚነጠፈውን አስቀድማችሁ አንጥፉ፤ ያን ጊዜ የሚፈስሰው ሲፈስ ጨርቅ እንጂ ጩኸት አያስፈልጋችሁም። ምንጣፍ ስትገዙም ወለሉ ላይ ስለሚኖሩት አስቡ።

ያ ያበጠ ላሚኔት ዛሬም ከሶፋው ጥግ አለ። ባለሙያ ጠርቼ ላስቀይረው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ልጃችን ማታ ስትጸልይ ስለ ጥጥዬ ሽንት መጸለይ ትታለች። አሁን የምታመሰግነው ስለ አያቷ ጋቢ ነው፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ጌታ ቤታችሁንና በውስጡ ያሉትን ሁሉ ይባርክ።