የእናቴ የዱቤ ደብተር



ባለፈው ዓመት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊነት ሥራ የቃል ፈተና ቀርቤ ወድቄአለሁ። ከቤታችን ደመወዝ ያለው ሰው ስለሌለ ውድቀቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ምክንያቱን ለታናናሾቼ ብነግር ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። ከ10,000 ቁጥሮች መካከል ሲደመሩ 100 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ይኖሩ እንደሆነ ፈልግ የሚል ነው። እኔም ቶሎ ልጨርስ ብዬ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የሚደምር ፕሮግራም ጻፍሁ። መልሱ ትክክል ነበር። ፈታኙ ግን «ቢበዛ ስንት ጊዜ ይደምራል?» ሲሉኝ ዝም አልሁ። ለካ 50 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ኖሯል!

አዝኜ ቤት ስገባ እናቴ የዱቤ ደብተሯን ይዛ ሒሳብ ታያለች። በካምፑ ገበያ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። ድሮ ዱቤውን በየቀኑ ተራ ትጽፍ ስለነበር የአንድ ሰው ዕዳ ለማወቅ ደብተሩን ሁሉ ታገላብጥ ነበር። በኋላ ግን ለየስሙ የመጀመሪያ ፊደል ገጽ ሰጠች። አሁን ከበደ ሲመጣ የ«ከ»ን ገጽ ብቻ ትገልጣለች።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት «ሃሽ ቴብል» የሚባለው የዚህ ዓይነት ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር 100 ለመሙላት የሚጎድለውን አስልቼ፣ ያ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ባይ፣ ከሌለም የያዝሁትን መዝግቤ ባልፍ፣ 10,000ውን አንድ ጊዜ በማለፍ ብቻ ሥራው ያልቅ ነበር።

ደብተሩም ዋጋ አለው። ወረቀት ይፈጃል፤ በኮምፒዩተር ደግሞ የማስታወሻ ቦታ ይይዛል። ብዙ ስሞች በአንድ ፊደል ከጀመሩም ያ ገጽ ይጨናነቃል። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው ቢሰጡን ኖሮ ደብተር ባላስፈለገ፤ አንድ ጣት ከመጀመሪያው፣ አንድ ጣት ከመጨረሻው አስቀምጦ፣ ድምሩ ሲያንስ የመጀመሪያውን ወደፊት፣ ሲበልጥ የመጨረሻውን ወደኋላ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ቁጥሮቹ 20 ብቻ ቢሆኑ ደግሞ የእኔም ዘዴ ባላሳፈረኝ።

ስለዚህ አሁን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ብዛቱ ስንት ነው? ተደርድሯል ወይ? ደጋግሜ የምፈልገውስ ምንድን ነው?

ወላጆች ሆይ፣ ኮምፒዩተር አናውቅም ብላችሁ ዝም አትበሉ። የሒሳብ አያያዛችሁን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። እኔ ለሚቀጥለው ፈተና የምዘጋጀው ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው።