ጠመኔውን ማን ይዟል?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ውጤት የተለጠፈ ሰሞን ስልኬ ዕረፍት የለውም። ልጃቸው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተመደበባቸው ወላጆች ከአዲስ አበባም ከደሴም ይደውላሉ። ‹‹ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ በሰዓት ስንት ያስከፍላሉ?›› ኑሮዬ ወልዲያ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ አስጠናለሁ። ዋጋዬን ከመናገሬ በፊት ግን እኔም እጠይቃለሁ፦ ‹‹ልጁ እስካሁን ሲጠና ጠመኔውን የሚይዘው ማን ነበር?›› አብዛኞቹ ግራ ይጋባሉ።

የእህቴ ልጅ መርሳ ነው ያደገችው። ዘጠነኛ ክፍል የምትገባው በ2014 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ነሐሴ 2013 ወልዲያንና ሀብሩን አዳረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ የትምህርት ነገር ተረሳ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ እየተዘለለ ተሸፈነ። በዚያው የ2014 ብሔራዊ ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሳስብ፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ መድረሷ ራሱ ይደንቀኛል።

የመጀመሪያውን ፈተና ከ30 ሰባት አመጣች። ብትባረር አባቷ ከሱቁ የቆጠባት ብር ብቻ ሳትሆን የእሷም ልብ ነው የሚሰበረው። አስጠኚ ነበራት፤ ደብተሯን አየሁት። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አንድ በአንድ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሠርተዋል። ደብተሩን ከድኜ ከዚያው ጥያቄ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጬ ሰጠኋት። እስክሪብቶዋን ይዛ አሥር ደቂቃ ተቀመጠች። ለካ የሠራው አስጠኚው፣ የገለበጠችው እሷ ናት።

ሰሌዳው ፊት አቆምኳትና እኔ ወንበር ያዝኩ። አዲሱ ነገር፣ ስብስቡም ፈንክሽኑም፣ ያን ያህል አልከበዳትም። የጣላት ክፍልፋይ ነው። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ስትደምር ሁለት አምስተኛ አለችኝ! ሦስት ሳምንት ክፍልፋይ ላይ ቆየን። እህቴ ‹‹ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው?›› ብላ ተቆጣች።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋው ነበር። በአመክንዮው ምዕራፍ ‹‹ኢፍ›› እና ‹‹ኦንሊ ኢፍ›› ይምታቱባታል። ‹‹ዝናብ የሚዘንበው ደመና ካለ ብቻ ነው፤ ታዲያ ደመና ሁሉ ይዘንባል?›› አልኳት። ‹‹የዘንድሮው መቼ ዘነበ!›› ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ገባት።

በአራተኛው ቅዳሜ ሁለት የዶርም ጓደኞቿን አምጪ አልኳት። ይህን የደፈርኩት እንዲሁ አይደለም። ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ ሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚቸገሩ አጥንቶ ነበር። ስንፍና አልነበረም፤ ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። የቻይና ተወላጆቹ ግን ከክፍል ሲወጡ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል። ትራይስማን ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ፣ ቀላል ክለሳ ሳይሆን ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጣቸው፤ ውጤታቸውም ተሻሻለ። ለእኛ አገር ይህ መቼ አዲስ ሆነ? እዚሁ ሀብሩ፣ በእስልምና ትምህርት ስሟ በገነነው ዳና፣ ቀደም ያለው ደረሳ አዲሱን ያስቀራል። በቆሎ ተማሪው ጎጆም ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል።

ሦስቱ ሰሌዳ ፊት ሲከራከሩ ቤቴ ገበያ ይመስላል። አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ጠመኔውን ትነጥቃታለች። እኔ ጭቅጭቁ ሲከር ብቻ ነው የምገባው። መንገድ ተዘግቶ ወይም ሌላ ችግር ገጥሞኝ ሳልገኝ እንኳ ዶርም ውስጥ ይቀጥላሉ።

በሁለተኛው ፈተና የእህቴ ልጅ ከ30 አሥራ ሰባት አገኘች። ክፍያውን አሁን ለሦስት ይካፈሉታል። እህቴ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፤ ባገኘችኝ ቁጥር ‹‹ለሦስት ስትከፍላት ለልጄ ምን ይደርሳታል?›› ትለኛለች።