ቁልቁለትና ጉልበት

ሰው የገዛ ጉልበቱን በሚመዝንበት ጊዜ ሚዛኑን የሚይዘው ራሱ ነውና፥ ብዙ ጊዜ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ ማንሣት ይረሳል። እኔም እንዲሁ ያደረግሁት አንድ እሑድ ቀን በብስክሌት ላይ ተቀምጬ ነበረ። ነገሩ ትንሽ መስሎ ስለ ታየኝ ብዙ ዘመን ለማንም ሳልናገረው ቈየሁ፤ ነገር ግን የተደበቀ ትንሽ ነገር በሥጋ ውስጥ ተሰብሮ እንደ ቀረ እሾህ ነውና፥ ስፍራው በተነካ ቍጥር መኖሩን ያስታውሳል።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ከተማዪቱ ከብስክሌት ጋር ያላትን ፍቅር ያውቃል። ምድሯ ሜዳ፥ መንገዷም በዘንባባ የተሸለመ ስለ ሆነ፥ በእኛ የወጣትነት ጊዜ ተማሪውም፥ የፋብሪካ ሠራተኛውም፥ ጋቢውን የተከናነበው ሽማግሌም በብስክሌት ይሄድ ነበረ። የራሱ የሌለው ደግሞ በሰዓት ወይም በቀን ይከራያል። ከከተማዪቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች ነበረና፥ መኪና አልፎ አልፎ አቧራውን አስነሥቶ ካለፈ በኋላ የወፍና የእረኛ ድምፅ ብቻ ይቀራል። በጥቅምት ወር በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ግራና ቀኙን የኑግ አበባ፥ ዳጉሳና ያልታጨደ ጤፍ እያየ ይሄዳል፤ በሩቅ የሚታየው የዛፍ ሰልፍ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ ያመለክተዋል። ብዙ አገር ባላይም፥ ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ሸለቆ አለ ቢሉኝ በቶሎ የማምን አይመስለኝም።

በ1986 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ፏፏቴውን ለማየት ተነሣን። እርሱ እናቱ ጠላ ሸጠው የሚያሳድጉት ልጅ ነበረ። የሁለቱንም ብስክሌት ኪራይ የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ገንዘቡም አባቴ ለመጽሐፍ መግዣ የሰጠኝ ነበረ። ከሁለቱ ብስክሌቶች አንደኛው ደኅና፥ ሁለተኛው አሮጌ ሲሆን፥ ደኅናውን ማን እንደሚወስድ አልተነጋገርንም፤ እኔ ያዝሁት፥ እርሱም ዝም አለ።

ባልንጀራዬ ምሳችንን በፌስታል እየቋጠረ ሳለ፥ አከራዩ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፥ «የዚያኛው የኋላ ጎማ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ይህን ፖምፓ ያዙ፥ በየመንገዱ እየነፋችሁ ሂዱ» አሉኝ። ፖምፓውን ተቀብዬ በራሴ ብስክሌት ላይ አሰርሁት። ለባልንጀራዬ ግን አልነገርሁትም። ብዙ ዓመት «ረስቼው ነው» እያልሁ ራሴን ሳሳምን ኖርሁ። አልረሳሁትም። ቀድሜው መድረስ ፈልጌ ነበረ።

እንደ ወጣን ጥቂት ጊዜ አብረን ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ትቼው ሄድሁ። እግሬ የእኔ እስከማይመስል ድረስ ፔዳሉ ቀለለኝ። ኮረብታ ሲያጋጥመኝ ከኮርቻው ተነሥቼ እወጣዋለሁ፥ ቁልቁል ሲሆን ፍሬን ሳልነካ እለቀዋለሁ። «ለካ እኔ እንዲህ ያለ ጉልበት ኖሮኛል!» እያልሁ በልቤ እደነቅ ነበረ። የምደነቀው በራሴ ነበርና ወደ ኋላዬ አንድ ጊዜም ዞሬ አላየሁም።

ፏፏቴው ዘንድ ስደርስ ገና ጥዋት ነበረ። ወደዚያ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ እዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ስለ ፏፏቴው ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም እኛ ያየነውን የዛሬ ልጆች በሙላት ላያዩት ይችላሉ። ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወረወራል፤ ክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ጢስ የተባለውም የሚነሣው ተን ከሩቅ ስለሚታይ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሲሠራ ከወንዙ የወሰደው ውሃ ጥቂት ነበረ። በ1996 ጨረጨራ ላይ፥ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ፥ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው ትልቁ ማመንጫ ሲጨመር፥ ውሃው በቦይ ወደ ተርባይን እየተመለሰ በበጋ ወራት ገደሉ ራቁቱን የቀረበት ጊዜ ነበረ። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ ይወስዳል። መብራት ለሚጠብቅ ሕዝብ ይህ ጥፋት ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ያን ቀን ግን የውሃው ድምፅ ገና ሳይታይ ደረትን ይመታ ነበረ።

ባልንጀራዬ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ መጣ። ሸሚዙ በላብ ተነክሮ ፊቱ አቧራ ለብሷል። እኔም ገና ሰላምታ ሳልሰጠው፥ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትንቀራፈፈው?» አልሁት።

«ጎማው ተነፈሰብኝ» አለና ዐይኑ በእኔ ብስክሌት ላይ ያረፈ ጊዜ፥ «ፖምፓ ነበረን እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎን፤ ለምን አልጠራኸኝም?»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ርቀት ቀድሜው የነበርሁት ሰው፥ ለምን አልጠራኸኝም አልሁት። እርሱ ግን ምንም ሳይመልስ ጎማውን ነፋና ምሳውን ፈታ።

ስንመለስ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ወንዝ ከሐይቅ ወጥቶ ሲወርድ መንገዱም አብሮት ይወርዳል፤ ሰው ግን ቁልቁለቱ በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚበተን ሜዳ ይመስለዋል። ጥዋት የተሸከመኝ ያ ቁልቁለት ከሰዓት በኋላ ዳገት ሆኖ ቈየኝ። በዚያም ላይ የብስ በፀሓይ ሲግል ነፋስ ከሐይቅ ወደ የብስ ይነፍሳልና፥ ነፋሱ ፊት ለፊቴ ገጠመኝ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጉልበቴ አለቀ። ባልንጀራዬ እየወረደ ሦስት ጊዜ ጎማውን ነፋ፤ ሦስቱንም ጊዜ ደረሰብኝ። በመጨረሻ ከፊቴ ሆኖ ነፋሱን ይሰብርልኝ ጀመር፤ መንገዱ ሲለሰልስ ደግሞ ከጐኔ ሆኖ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፥ ሌላውን እጁን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ እየገፋ ከተማ አስገባኝ።

በኋላ እንደ ተረዳሁት በብስክሌት ውድድር ይህ የታወቀ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሲሆን ውድድሩን በቴሌቪዥን እየተመለከትሁ፥ ከተሰለፉት መካከል ብዙዎቹ የሚደክሙት ሌላው እንዲያሸንፍ መሆኑን ሰማሁ። በነፋስ ፊት ቆሞ ሌላውን መጋረድ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ስሰማ፥ ያለ ደመወዝ የጋረደኝ ትዝ አለኝ።

ሰኞ ዕለት በትምህርት ቤት ለጓደኞቻችን፥ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀደምሁት» ብዬ አወራሁ። ስለ ጎማው አላነሣሁም፤ ስለ መልሱ ጕዞም አልተናገርሁም። እርሱ በዚያው ነበረ፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሣቀ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ2012 ዓ.ም.፥ የእህቴ ልጅ በማርሽ ብስክሌት በዚያው መንገድ ሄዶ ተመለሰና የጕዞውን ታሪክ በስልኩ አሳየኝ። በመስተዋቱ ላይ የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ መስመር ነበረ፤ እዚህም እዚያም ጕብ ጕብ እያለ፥ በጠቅላላው ግን ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ፥ «አጎቴ፥ ሲሄዱ እኮ መንገዱ ራሱ ነው የሚወስድዎ» አለኝ።

በዚያው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በማግስቱ፥ በሌላ ከተማ መምህር ሆኖ ወደሚኖረው ባልንጀራዬ ደወልሁ። በዓመት በዓል ካልሆነ አንደዋወልም ነበርና፥ ክፉ ወሬ መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ከነፖምፓው አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለ።

«ዐውቅ ነበረ» አለኝ ቀጥሎ። «ያን ዕለት ማታ ብስክሌቱን ሳስረክብ፥ ጎማው አስቸገረኝ ብላቸው፥ ‹ለጓደኛህ ነግሬው አልነበረም ወይ?› አሉኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርኸኝም? ሰኞ ዕለትስ በሰው ፊት ስዋሽ ለምን ዝም አልህ?»

«ኪራዩን የከፈልህ አንተ ነበርህ» አለኝ።

ይህን ሲል በድምፁ ቍጣ አልነበረበትም፤ ለተማሪ ግልጽ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነበረ የተናገረው። ምን እንደምመልስለት ጠፍቶኝ ስልኩን እንደ ያዝሁ ቀረሁ። እርሱም ጥቂት ጠብቆ፥ «እናትህ ጤናቸው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።