ዕረፍት የሀብታም ብቻ ነውን?

«ከባለቤቴ ጋር ሁለት ቀን ዞር ብለን ብናርፍ ደስ ይለኛል፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት አለ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ለምንኖር ዕረፍት ሲባል ቶሎ የሚታየን የባሕር ዳር ሆቴል ነው። የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ስንሰማ ሐሳቡን እንተወዋለን። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ግን ጌታ ከአገልግሎት ደክመው የተመለሱትን ደቀ መዛሙርት ያሳረፈው ጸጥ ወዳለ ስፍራ በመውሰድ ነበር። ታላቅ ግብዣ አላዘጋጀላቸውም።

እንዲህ ያለ ስፍራ በአገራችን ሞልቷል። ለቀን ጉዞ ጊሽ ዓባይና የዘንገና ሐይቅ ቅርባችን ናቸው። አድሮ ለመመለስ ደግሞ በፓርኮችና በጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ያሉትን ቀላል ማደሪያ ቤቶች እናስብ።

ስሜን

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከእኛ በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል ይኬዳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ በሚባሉት ማረፊያዎች ድንኳን መትከያና ቀለል ያሉ ማደሪያ ቤቶች አሉ። ለውጭ አገር ጎብኚ ከተሠሩት የግል ሎጆች ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው እጅግ ያነሰ ነው። ጠባቂ መቅጠር ግዴታ ስለሆነ ሂሳቡን ከመጀመሪያው አስቡበት።

ጓሳ

ብዙ የሚያስተምረን ግን በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ያለው ጓሳ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ይህን ስፍራ የሚጠብቀው ሕዝቡ ራሱ ነው። የመንዝ ገበሬ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ሲሳሳ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ መሬቱን ይዘጋዋል፤ 3 ዓመትና አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ሲያገግም ይከፈትና ባለድርሻው ሁሉ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው ኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የተረፉት በዚህ ጥበቃ ነው።

በጓሳ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ሎጅ ተሠርቷል። ቅንጦት የለበትም፤ አልጋ፣ የእሳት ምድጃና ወጥ ቤት ነው። እንግዳው ስንቁን ይዞ ሄዶ ራሱ ያበስላል፤ ወጪው የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎና ቡና የያዙ ባልና ሚስት በእሳት ዳር ተቀምጠው ምሽቱን ሲጨዋወቱ ማን ያቋርጣቸዋል?

ለአዲስ አበባ ወገኖች ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጠገብ የዲንሾ ሎጅ አለ። የደጋ አጋዘን በደጁ ሲግጥ ይታያል።

ከመነሳታችሁ በፊት

አንደኛ፣ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ማደሪያው እንግዳ መቀበሉንም በስልክ ሳታረጋግጡ አትነሱ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ወይም አራት ባለትዳሮች ሆናችሁ ዕቁብ ጣሉ። መኪናው፣ ጠባቂውና ስንቁ ሲካፈሉት ይቀላል። መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ለኢትዮጵያዊ የፓርክ መግቢያ ዋጋ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ብርዱን አትናቁ። ከኅዳር እስከ ጥር የደጋው ሌሊት ውርጭ አለው፤ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ወገን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ወደ ስሜን ስትሄዱ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ አድራችሁ ሰውነታችሁን ከከፍታው ጋር አለማምዱ።

መንገዱ ዘንድሮ ባይመችስ? ከመንዝ ገበሬ የምንማረው እዚህ ላይ ነው። ሣሩን ያዳነው መሬቱ በጊዜው መዘጋቱ ነው። የአገልጋይ ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ እንግዳው፣ ለቅሶው፣ ስብሰባው፣ ስልኩ አያባራም። ብዙ ትዳር የሚሳሳው በጠብ ሳይሆን እንዲህ ሳያርፍ በመታጨዱ ነው። እንግዲያው በወር አንድ ቀን ዝጉ። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ አድርሱ፣ ለጉባኤው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ስልኩን አጥፉ፤ ሁለታችሁ ብቻ ምሳ ብሉ። የጉዞውንም ገንዘብ ከዛሬ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አስቀምጡ፤ መንገዱ ሲከፈት ተዘጋጅታችሁ ያግኛችሁ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።