የተማሪ ምግብና የተማሪ ጭንቀት

ብዙ ሰው ስለ ምግብ ሲናገር የሚያስበው ስለ ሆድና ስለ ጉልበት ብቻ ነው። ነገር ግን ምግብ ከሐሳብና ከመንፈስ ጋራ ግንኙነት እንዳለው እኔ የተረዳሁት በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ስለ ሆነ፣ በሚመጣው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምትሄዱ ጓደኞቼና ልጆቻችሁን ለምትልኩ ወላጆች ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደስተኛና ተጫዋች ልጅ ነበር። የካፌውን ወጥ ስለ ጠላው ግን «ነን ካፌ» ሆነ፤ ይኸውም ምግቡን ትቶ በየወሩ ገንዘብ መቀበል ማለት ነው። ገንዘቡ ወር አያደርስም። ስለዚህ ቁርስ ተወ፤ ምሳው ሻይ በዳቦ ሆነ፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ሌሊቱን ለማጥናት ብሎ ጫት ጀመረ። ጫት ርኃብንም እንቅልፍንም ያባርራል፤ ምርቃናው ሲያልቅ ግን ድብርት ይተካል። በዓመቱ አጋማሽ ለዕረፍት ሲመጣ ከስቶ፣ ከሰው ጋራ መነጋገር ጠልቶ፣ «ትምህርቱን ትቼ እቀራለሁ» ይል ጀመር። ጎረቤቶች ዓይን በልቶታል አሉ፤ አባታችን ስንፍና ነው አሉ፤ እናታችን ግን ምንም ሳይናገሩ ያለቅሱ ነበር።

ስለዚህ ነገር ሳነብ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ሙከራ አገኘሁ። አንሴል ኪስ የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀነሱባቸው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀው የጠባያቸው ለውጥ ነው፤ ቍጡዎች ሆኑ፣ ከጓደኛ ራቁ፣ ሐሳባችንን መሰብሰብ አቃተን እያሉ አማረሩ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። ዓይን የበላቸው ማንም አልነበረም። (ጾም ግን ሌላ ነው፤ ሰዓቱና ፍጻሜው ይታወቃል፤ የሚጾመውም ከሰው ጋራ ነው።)

ነገሩ እንግዳ አይደለም። አእምሯችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ከምናጠፋው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሻይም ከምግብ ጋራ ሲጠጣ ከእህሉ የምናገኘውን ብረት ይቀንሰዋል፤ ብረት ያነሰው ሰው ደግሞ ይደክመዋል።

በአውስትራሊያም ፌሊስ ጃካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በድብርት የታመሙ 67 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲበሉ የሚመክር ባለሙያ፣ ለሁለተኛው የሚያጫውት ሰው ለ12 ሳምንት ተሰጠው። ከፊተኞቹ ከሦስት አንድ ያህሉ ከሕመሙ ሲወጡ፣ ከኋለኞቹ 8 በመቶ ብቻ ወጡ። እኔ ጨዋታን እንደ ምግብ የምቆጥር ሰው ነኝና ይህ ትንሽ ከነከነኝ። ሆኖም ሙከራው ትንሽ ነው፤ ምግብ ብቻውን ድብርትን ይፈውሳል ማለትም አይደለም። ድብርት ራሱ የመብላትን ፍላጎት ይዘጋልና የትኛው እንደ ቀደመ ለመለየት ያስቸግራል።

ወንድሜ ከዕረፍቱ ሲመለስ የአጎታችን ልጅ አብሮት ሄዶ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ አደረሰው። በየሳምንቱ እየሄደ ከሐኪሙ ጋራ ይነጋገር ነበር፤ ጫቱንም ቀስ በቀስ ተወ። የመኝታ ክፍሉ ልጆች አራት ሆነው ገንዘባቸውን አዋጥተው ምስርና ሽሮ በአንድ ትሪ ይበሉ ጀመር። በአንድ ማዕድ የተቀመጠ ሰው አልበላም ብሎ መደበቅ አይችልም፤ ጉርሻ ይመጣበታል።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። አባታችን ያዳነው ጫቱን መተዉ ነው ይላሉ፤ እርሱ ሐኪሙን ያመሰግናል፤ እናታችን ደግሞ ከቤት የሚልኩለት በሶ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ባለፈው ወርም ለአራቱም ልጆች እንዲበቃ አብዝተው ላኩ።