ከዙፋን የወረዱት፣ ከአንገት ያልወረደችው

ቡሬ አንድ መልስ ላይ ነው። ከሙሽራዋ ድሪ መሃል አንዲት ጠገራ ብር ተንጠልጥላለች። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይቺ እኮ ናት ‹ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ› ያለችው የፈረንሳይ ንግሥት» አለኝ። የሙሽራዋ አያት ከወዲያ ማዶ ሰሙት።

«ምን አለች?»

ደገመላቸው።

«ተው ልጄ! አሸፋፈኗን አታይም? ባሏ የሞተባት ናት። በሐዘን ላይ ያለች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይወጣትም» አሉትና ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

እኔ ወደ ጠላዬ መመለስ አቃተኝ። የጠገራዋ ሴትዮ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ እንደሆነች አውቃለሁ። አንገቷ ከተቀላው የፈረንሳይ ንግሥት ጋርም ዝምድና እንዳላቸው የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ። እናት ትሁን አክስት ግን ተምታቶብኛል። አንድ ነገር ሲምታታብኝ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።

(ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወደ እኛ ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።)

አያትየዋ ልክ ናቸው። የማሪያ ቴሬዛ ባል ፍራንሲስ በ1765 ሞተ፤ እሷም እስክትሞት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። ብሩ ላይ የምናየው መሸፈኛ የመበለት ነው። ከጽሕፈት ቤት ይልቅ ጓዳ የሚያስተምረው ታሪክ እንዳለ ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር።

አንገቷ የተቀላው ልጇ ናት። ማሪያ ቴሬዛ አሥራ ስድስት ልጆች ወልዳለች፤ አሥራ አምስተኛዋ ማሪ አንቷኔት ነች። በ1770፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ፣ ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ተዳረች። አብዮተኞች ፓሪስ ውስጥ ባሏን ሉዊ 16ኛን በጥር 1793፣ እሷን በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጊሎቲን ሥር አስተኟቸው። እናቲቱ ይህን አላየችም፤ በኅዳር 1780 አርፋለች። ጠገራዋ ላይ ያለው 1780 የሞቷ ዓመት ነው።

እንግዲህ ወጣቱ የልጅን ጥፋት ለእናት ሰጥቷል ማለት ነው። የሚገርመው ልጅቷም አልሠራችውም። ዣን ዣክ ሩሶ ስለ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት «ታላቅ ልዕልት» ድሆች ዳቦ የላቸውም ሲሏት «ብሪዮሽ ይብሉ» አለች ይላል። ይህን ሲጽፍ ማሪ አንቷኔት ገና ቪየና እናቷ ቤት የምትላወስ ልጅ ነበረች። አብዮት ግን ማስረጃ አይጠብቅም፤ ሆድ የሚያስቆጣ ወሬ ይበቃዋል። እኛም አገር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ወረዱ። በእርግጥ የወሎ ረሃብ ወሬ አልነበረም፤ የሞተው ሰው እውነተኛ ነው። ቅንብሩ ግን ከፓሪስ ኬክ ጋር አንድ ምጣድ ላይ የተጋገረ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሌላ ነገር ያዘኝ፤ የጠገራዋ ሴትዮ ዘር በፈረንሳይ ምን ሆነ?

ጉድ ሆነ። ሴትዮዋ አንዴ ወደ ፈረንሳይ ዙፋን ልጅ ከዳረች በኋላ ዘሯ ከዚያ ዙፋን ሊፋታ አልቻለም።

አንደኛዋ የልጅ ልጇ ነች። ማሪ አንቷኔት የመጀመሪያ ልጇን በ1778 ስትወልድ በእናቷ ስም ማሪ ቴሬዝ ብላ ሰየመቻት። ልጅቱ እናትና አባቷ ከተገደሉባት፣ ወንድሟ እስር ቤት ከሞተባት በኋላ በ1795 መጨረሻ በእስረኛ ልውውጥ ወደ ቪየና ተላከች፤ የአጎቷን ልጅ የአንጉሌምን መስፍን አገባች። በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ተመልሶ ሲመጣ ቦርዶ ከተማ ላይ ወታደሩን ልታሰልፍበት ስለሞከረች፣ «ከዚያ ቤተሰብ ወንዱ እሷ ብቻ ናት» አለ ይባላል። ጎጃም ብትወለድ ኖሮ በስሟ ይፎከርላት ነበር።

ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ሃያ ደቂቃ የነገሠችው። በሐምሌ 1830 የፈረንሳይ ንጉሥ የነበረው የባሏ አባት ሻርል 10ኛ ጋዜጣ የሚያፍን፣ ገና ያልተሰበሰበውን ምክር ቤት የሚበትን፣ የመራጩን ቁጥር የሚያጠብ ትእዛዝ አወጣ። ፓሪስ ሦስት ቀን ተዋጋችና አሸነፈች። ነሐሴ 2 ሻርል ራምቡዬ ላይ ሆኖ ዙፋኑን ለትንሹ የልጅ ልጁ የሚያስተላልፍ ወረቀት ፈረመ። ነገር ግን መሃል ላይ የማሪ ቴሬዝ ባል አለ፤ እሱም መፈረም አለበት። አባት ፈርሞ ልጅ እስኪፈርም ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ ይላሉ፤ ሚስቱም በዚያች ጊዜ አትፈርም ብላ ለመነችው ይላሉ። ፈረመ። የታሪክ ሰዎች ይህችን ሃያ ደቂቃ ንግሥና ብለው ይቁጠሯት አይቁጠሯት ዛሬም አልተስማሙም። እኔ እቆጥራታለሁ። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ምንም ሳያዝዙ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቆጠሩ ስንት አሉ? እሷ ቢያንስ ለምናለች።

ሁለተኛዋ ማሪ ሉዊዝ ነች፤ የማሪያ ቴሬዛ የልጅ ልጅ ልጅ። ናፖሊዮን ዘር አላገኘሁም ብሎ ጆሴፊንን ፈታና በ1810 እሷን አገባ። የአባቷን አክስት አንገት ካስቀላው አብዮት የወጣ ጄኔራል፣ በጋብቻ የዚያው ቤት አማች ሆነ። በ1814 ሲወድቅ ሚስቱ ልጇን ይዛ አባቷ ቤት ገባች፤ ዳግመኛ አልተያዩም።

ሦስተኛዋ የባሰች ነች። ማሪ አሜሊ የማሪያ ቴሬዛ የልጅ ልጅ ስትሆን እናቷ የናፖሊዋ ንግሥት ማሪያ ካሮሊና፣ የማሪ አንቷኔት እህት ናት። በ1809 ፓሌርሞ ላይ የኦርሌዓንን መስፍን ሉዊ ፊሊፕን አገባች። የሉዊ ፊሊፕ አባት ማን ነው? በ1793 ሉዊ 16ኛ ይሙት ብሎ ድምፅ የሰጠው ፊሊፕ ነው፤ ያም አላዳነውም፣ በዚያው ዓመት ራሱም ተሰይፏል። ማሪ አሜሊ ማለት የአክስቷን ባል ያስፈረደውን ሰው ልጅ ያገባች ሴት ናት። ደም በጋብቻ ሲደርቅ ቡሬም አይቶ ያውቃል፤ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ። ፓሌርሞ ላይ ካህን ብቻ ነበር። በ1830 ሻርል ሲባረር ዙፋኑን የወሰደው ይኸው ሉዊ ፊሊፕ ነው፤ ማሪ አሜሊም ንግሥት ሆና እስከ የካቲት 1848 ቆየች። ያኔ ሌላ አብዮት መጣና ባልና ሚስት ወደ እንግሊዝ ሸሹ።

አሁን ወደ ጎጃም። የሉዊ ፊሊፕ ዘመን ማለት ለእኛ ፈረንሳዮች እንደ አንበጣ የመጡበት ዘመን ነው። የሸዋው ሣህለ ሥላሴ በ1843 ከእሱ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። ወደ እኛ ደግሞ የመጡት የዳባዲ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው የባስክ ሰው ነው፤ አብዮቱ ሲነሳ ሸሽቶ አየርላንድ ገባ፤ እዚያ አግብቶ አንቷን በ1810፣ አርኖ በ1815 ደብሊን ተወለዱለት። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰው ቡርቦኖች፣ የሉዊ 16ኛ ቤተሰቦች፣ ወደ ዙፋኑ ከተመለሱ በኋላ ነው። ልጆቹ በ1838 ምጽዋ ወረዱ። ትንሹ አርኖ ጎጃም ገባና ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ተወዳጀ፤ አብሯቸው ሰፈረ፣ አብሯቸው ዘመተ፣ የዳሞትን ግብር በላ። ኋላ «አሥራ ሁለት ዓመት በላይኛው ኢትዮጵያ» ብሎ የጻፈው መጽሐፍ የጎሹን ቤት ከሥር እስከ ጣራ የሚያሳይ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የባስቲዬን መሰበር ዕለቱን ሳይቀር አስሸምድደውኛል። አንድ የአብዮት ስደተኛ ልጅ ከደጃች ጎሹ ጋር ጠጅ እንደጠጣ ግን የነገረኝ አስተማሪ የለም። ይህ ቂሜ ነው፤ አልደብቀውም።

ቂም ካነሳሁ አይቀር ትልቁ ወንድም አንቷን ላይም አለኝ። ሰውዬው ሊቅ ነው፤ አገራችንን በመሣሪያ ለካ፣ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ፈረንሳይ ውስጥ አንዳይ ከተማ የሠራው ግንብ ላይ ሳይቀር አማርኛ አስጽፏል። ታዲያ ይህ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የት ሄደ? ከቡሬ ጎረቤት ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል፤ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጥቶበታል። አንቷን ግን የነጭ ዓባይን ራስ አገኛለሁ ብሎ ወደ ግቤ ወረደ። በጥር 1846 ከወንድሙ ጋር እዚያ ምንጭ ላይ ባለ ሦስት ቀለሙን የፈረንሳይ ባንዲራ ተከሉ። ያ ባንዲራ የአብዮቱ ነው፤ ቡርቦኖች ሲመለሱ ነጭ አድርገውት ነበር፣ በ1830 ነው የተመለሰው። አባታቸው የሸሸውን ባንዲራ ልጆቹ ተሸክመው ግቤ ድረስ ሄዱ ማለት ነው። ግቤ ደግሞ ኦሞ ውስጥ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ፤ ነጭ ዓባይን በዓይኑም አያየው።

በዚያው ዘመን የጁቤ አጠገብ ባሶ ገበያ ተቀምጦ የነበረ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ አለ። እሱ የባሰ ቂመኛ ነው፤ አንቷን ከፋ ሄድኩ የሚለው ውሸት ነው ብሎ በ1850 መጽሐፍ አወጣ፤ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር ዳባዲዎችን ሲያከብር ደግሞ ማኅበሩ ቀድሞ ለእሱ የሸለመውን የወርቅ ሜዳሊያ መልሶ ላከላቸው። ከፋን በተመለከተ አንቷን እውነቱን ነበር። በዓባይ ነገር ተሳስቷል። እኔ ሁለቱም ግሽ ዓባይ ላይ ተቀምጠው ጠበል ቢጠጡ ይሻላቸው ነበር ባይ ነኝ።

እነዚህ ሁሉ ፈረንጆች ጎጃም ውስጥ በቅሎ የገዙት፣ አሽከር የቀጠሩት በምንድን ነው? በጠገራ ብር። አሞሌው ለዝርዝር ነው፤ ትልቁ ገንዘብ እሷ ነበረች፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት እንኳ የእሷ ክብደት ነው፣ 28 ግራም ገደማ። የፈረንሳይ ንጉሥ ተገዥዎች የንግሥታቸውን አያት በኮሮጆ ይዘው ይዞሩ ነበር።

የፓሪስ ንጉሦች አንድ በአንድ ሄዱ። በኅዳር 1852 ደጃች ጎሹ ጉር አምባ ላይ በካሣ ኃይሉ ጦር ወደቁ፤ በዚያው ሰሞን ፓሪስ ላይ ሌላ ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት ተባለ፤ እሱም በ1870 ወደቀ። ጠገራ ግን አልወደቀችም። ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር አስመቱ፣ ያውም ፓሪስ ውስጥ፤ የገጠሩ ሰው ግን የምኒልክን ብር ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ ሴትዮዋን አምጡልኝ አለ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። በ1935 ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ጠገራ ያስፈልገዋል፤ መምቻውን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ መምታት ጀመረ። ሌሎቹም ገበያው ያምልጠን እንዴ ብለው ለንደን፣ ብራስልስና ፓሪስ የየራሳቸውን መቱ። አዎ፣ ፓሪስ። ልጅቱን ገድሎ፣ ሁለቱን የልጅ ልጆች አባሮ፣ ሪፐብሊክ ነኝ ያለ መንግሥት የእናቲቱን ፊት በብር ቀርጾ ሸጠ። ከብሩ ጠርዝ ላይ «በፍትህና በምህረት» የሚለውን የላቲን መፈክሯንም አልፋቀውም።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞችና አርበኞች ከሱዳን በበላያ በኩል ሲገቡ ጠገራዋ በግመል ተጭና መጣች፤ ለንደንና ቦምቤይ የተመታች ጠገራ። የካቲት መጨረሻ ላይ ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ጥሎ ወጣ። የቡሬ ገበያ ላይ ከዚያ በኋላ የታየችው ጠገራ፣ የማሪ አንቷኔት እናት ብትሆንም፣ ዕድሜዋ ከአንዳንድ አርበኛ ልጅ ያነሰ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀና ከገበያ ወጣች፤ ወደ ብር ሠሪ ማቅለጫና ወደ ድሪ ገባች።

ስለዚህ ሐብል ወይም ድሪ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ «1780 ይላል፣ የጥንት ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ አትስሙት። ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም የመቱት ሁሉ 1780 ነው የሚለው፤ ቪየና ዛሬም ያንኑ ዓመት እያተመች ታወጣለች። በሚዛን ግዙ።