የሳቅ ዱቤ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ያደገ የኔ ዘመን ልጅ እንግሊዝን መጀመሪያ ያወቃት በሚስተር ቢን በኩል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሰፈራችን በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ነበረች። የህንድ ፊልሙ ካለቀና መብራት ካልጠፋ ባለቤቱ ሚስተር ቢንን ይከፍትልን ነበር። ሰውዬው ስለማያወራ አስተርጓሚ አያስፈልግም። አማርኛ የሚናገረውም፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገረውም፣ ከዳውሮ መጥቶ ሁለቱንም ገና የሚለማመደውም ልጅ እኩል ይስቃል።

ቤኒ ሂልን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ፣ ምህንድስና ስማር ነው። ዶርም ውስጥ በፍላሽ ከሚዞረው ፊልም መሃል አንድ ፎልደር ሙሉ እሱ ነበር። ክብ ፊት ያለው ወፍራም ሰውዬ፣ አጭር የለበሱ ሴቶች፣ ሩጫ፣ ውድቀት፣ እንደገና ሩጫ። ሁሉም ነገር በፍጥነት ይሄዳል፣ ከሥሩ ሳክስፎን ይለቀቃል። ሰውዬውን ባታውቁት እንኳ ዜማውን ታውቁታላችሁ። "ያኬቲ ሳክስ" ይባላል፤ ዛሬም ሰው ሲሯሯጥና ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የምር ያስቃል።

2011 ዓ.ም. ልንመረቅ ሰሞን የመዝናኛ ምሽት አዘጋጀን። አጭር ኮሜዲ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋናዋን ገጸ ባህርይ የተጫወትኩትም እኔ። ቀሚስ ለበስኩ፣ ደረቴና ዳሌዬ ላይ ትራስ አሰርኩ፣ ጀበና ያዝኩ። ቡና ሻጭ ነኝ። ጎንበስ ብዬ በቀዳሁ ቁጥር አንዱ ተማሪ ከኋላ ይመጣል፤ እኔ በተሰባበረ አማርኛ ወንዱን "አንቺ" እያልኩ አንዲት ዓረፍተ ነገር እጮሃለሁ፤ ከዚያ ሳክስፎኑ ይለቀቅና ሩጫ። አዳራሹ ተናጋ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አስቄ አላውቅም።

ችግሩ ሴትዮዋ በእውን ነበረች።

ከግቢው በር ማዶ ሸራ ወጥራ ቡና የምታፈላልን፣ ከሊሙ በኩል የመጣች ሴት ናት። ሁላችንም "እትዬ" እንላታለን፤ እሷ ደግሞ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ሳለን ጀምራ ሁላችንንም "ኢንጂነር" ትለናለች። ገንዘብ ሲያጥረን በዱቤ ታጠጣናለች፤ ስማችንን ደብተር ላይ ጽፋ። አማርኛዋ የአፋን ኦሮሞ ለዛ አለው። የሷ አማርኛ ከኔ አፋን ኦሮሞ በብዙ እንደሚሻል ግን ያኔ አላሰብኩም፤ ጅማ ተወልጄ ጅማ አድጌ።

የምሽቱን ቪዲዮ አንዱ ቀድቶት ነበር። በማግስቱ በቴሌግራም ዞረ። በሳምንቱ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሰላምታ ሆነች። ተማሪው ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ከመጠጥ ቤት የሚወጣውም ሰው ሸራዋ ሥር እየመጣ ይላታል። ከኋላዋ መጥቶ በእጁ የነካትም ነበር። ይሄን የሰማሁት ከሷ ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ቡና ልጠጣ የሄድኩ ቀን።

"ኢንጂነር፣" አለችኝ ሲኒውን እያስቀመጠች፣ "አንተ ትራሱን አውልቀህ ዶርምህ ገባህ። እኔ ይሄን ገላ የት አውልቄ ልግባ?"

መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ሳልጨርስ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በሌላ በር መውጣት ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው ስለ ቤኒ ሂል ማንበብ የጀመርኩት። እውነቱን ልናገር፣ የማነበው ራሴን የሚከላከልልኝ ሰው ፍለጋ ነበር። አገኘሁም። በ1971 እ.ኤ.አ. አንዱ ዝግጅቱን ከ21 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛዊ ተመልክቶታል። ደጋፊዎቹ "ልብ ብላችሁ እዩት፣ በመጨረሻው ሩጫ የሚባረረው እሱ፣ የሚያባርሩት ሴቶቹ ናቸው፤ መሳቂያው የሚሴስነው ሽማግሌ ነው" ይላሉ። ክርክሩ ደካማ አይደለም።

ተቺዎቹም አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኮሜዲያኑ ቤን ኤልተን ያነሳው ነጥብ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሴት ልጅ ፓርክ ውስጥ ያለስጋት መሄድ በማትችልበት አገር፣ ሴት በፓርክ ውስጥ ሲያሳድዱ ማሳየት እንዴት ያስቃል? ቴምዝ ቴሌቪዥን በ1989 ፕሮግራሙን አቋረጠው። ትችቱ ነው ያስቆመው የሚሉ አሉ፤ የተመልካች መቀነስና የወጪ መጨመርም ይጠቀሳል። ሰውዬው በ1992 ብቻውን በሚኖርበት አፓርታማ ሞተ።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። የሚስተር ቢንን የመጀመሪያ ክፍል ከሮዋን አትኪንሰንና ከሪቻርድ ከርቲስ ጋር የጻፈው ይሄው ቤን ኤልተን ነው። ቦሳ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያሳቀን ሰው! "ተቺዎች ሳቅ አይወዱም" የሚለው መከላከያዬ እዚያው ፈረሰ።

ታዲያ ችግሩ ብልግናው ነው? እሱም አይመስለኝም። በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ላይ ደረጄና ሀብቴን፣ አለባቸውና ልመነህን ቤተሰብ ተሰብስቦ ያይ የነበረ አገር ነን፤ ቡናው ሲደርስና ልጆች ሲወጡ ግን ሌላ ቀልድ አለ። በአለቃ ገብረሃና ስም የሚነገሩት ቀልዶች ስንቱ ወገብ በታች እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አለቃ ሊቅ ነበሩ፤ በስማቸው የሚወራው ቀልድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሥልጣኑንና ቤተ መንግሥቱን ነው የሚነካው። ወደ ላይ ነው የሚወረወረው።

እትዬ ራሷስ? የሷን ቀልድ የሰማ ተማሪ እስከ ጆሮው ይቀላል። ቡና ስትወቅጥ ስለ ሙቀጫና ዘነዘና የምታወራው ነገር የኔን ኮሜዲ የልጅ ጨዋታ ያደርገዋል። ግን እሷ ስትቀልድ ጀበናው በሷ እጅ ነው። መቼ እንደምትጀምር፣ ማን ፊት ዝም እንደምትል የምትወስነው እሷ ናት። እኔ ቀልዱንም ገላዋንም ወስጄ ለማላውቀው ሰው ሁሉ አደልኩት፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። አንድ ነገር ኮፒ ከተደረገ በኋላ ዋናውን መሰረዝ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቪዲዮውን ከስልኬ አጥፍቻለሁ፤ የለቀቀውንም ልጅ ለምኜ አስጠፍቼዋለሁ። ስንት ስልክ ላይ እንደቀረ አላውቅም።

ባለፈው ለበዓል ጅማ ስሄድ ፈለግኳት። ከበሩ ማዶ የለችም፤ ወደ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራይታለች። ስገባ አወቀችኝ። በመንገድ ላይ ያጠናሁትን ይቅርታ ጀመርኩ፣ ሳልጨርሰው እጇን አነሳች።

"መጀመሪያ ዱቤህን ክፈል።"

ደብተሩን አመጣች። የምር ነበረ! ሃያ ሦስት ሲኒ። በዛሬ ዋጋ ልክፈል አልኩ፤ "በዛሬ ዋጋ ነው እንጂ፣ ወለዱን ነው የማርኩህ" አለች። ከፈልኩ። ከዚያ ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እሺም፣ አይሆንምም አላለችም። "ያቺን ቃል ዛሬም የሚለኝ አለ" አለች ብቻ፣ ከሰሉን እያራገበች።

ሦስተኛው ሲኒ ላይ፣ ሌላ ደንበኛ እንደሌለ ዞር ብላ አየችና አንድ ቀልድ ነገረችኝ። ስለ ኢንጂነር ነው። ስለ ትራስም አለበት። መሬት ልዋጠኝ እስክል አፈርኩ፣ እንባዬ እስኪመጣም ሳቅኩ።

ቀልዱን እዚህ አልጽፈውም። የሷ ነው።